የተነቀለው እንቦጭ ተመልሶ እንዳይበቅል

መነሻው ደቡብ አሜሪካ የሆነው እንቦጭ በአገራችን በ1950ዎቹ ማብቂያ በቆቃ ሐይቅ ታየ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ጣናን መውረሩ ታወቀ። አረሙ የውሃውን ገጽ ሲሸፍን ዓሣ ይመናመናል፤ ታንኳና መረብ ይታገዳሉ፤ ሐይቁ ሲሸሽ ለግጦሽና ለሽምብራ የሚውለው የዳርቻ መሬትም ይያዛል።

የደንቢያና የፎገራ አርሶ አደሮች ውሃ ውስጥ ገብተው አረሙን በእጃቸው ሲነቅሉ ዓመታት አልፈዋል። ይሁንና የተነቀለው በዳርቻው ከተከመረ የክረምት ጎርፍ መልሶ ሐይቁ ውስጥ ይከተዋል፤ ዘሩም በደለል ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ስለሆነም ነቀላው አረሙ ዘር ከማፍራቱ በፊት መከናወን፣ የተነቀለውም ከውሃው ርቆ ደርቆ መቃጠል ይኖርበታል። የአርሶ አደሩ ድካም ፍሬ እንዲያገኝ የአንድ ሰሞን ዘመቻ አይበቃም፤ ሥራው ቋሚ በጀትና ቋሚ ባለቤት ይሻል።