ዋስትናው ለሞተሩ ብቻ ከሆነ ለእኛ ለነጋዴዎች ምን ይጠቅመናል?

አዲስ መኪና ለመግዛት የሚሄድ ሰው ሁሉ ከሻጩ የሚሰማት አንድ ቃል አለች፤ "3 ዓመት ወይም 100,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና አለው፣ ምንም አያስቡ።" ይህን ሰምተን እንፈርማለን። በአራተኛው ወር ሪሌ ሲቃጠል፣ የመስኮት ማንሻ አልሠራም ሲል ወይም የራዲያተር ጎማ ሲያፈስ ወደ ወኪሉ ጋራዥ እንሄዳለን። እዚያ የሚጠብቀን መልስ ብዙ ጊዜ "እሱ ዋስትና ውስጥ አይገባም" የሚል ነው። ሞተርና ካምቢዮ ይገባሉ። ሞተር ግን በአዲስ መኪና ላይ በአራት ወር የሚሞትበት ጊዜ ጥቂት ነው። መንገድ ላይ የሚያስቀሩን ትንንሾቹ ናቸው።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ዋስትና መታየት ያለበት በተበላሸው ዕቃ ስም ሳይሆን ዕቃው በተበላሸበት ምክንያት ነው። ስንገዛም ተከራክረን ማስጻፍ ያለብን ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ ደብተሩ ምን እንደሚል እንይ። የዋስትና ደብተሮች ከአምራች አምራች ይለያያሉ፣ አጥንታቸው ግን ተመሳሳይ ነው። ዕቃዎቹን በሦስት ይከፍሏቸዋል። የመጀመሪያዎቹ በሙሉ ጊዜው የሚሸፈኑ ናቸው፤ ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ዲፈረንሺያል፣ መሪ፣ እንዲሁም ዲናሞና ሞተሪኖን የመሰሉ ዋና የኤሌክትሪክ ክፍሎች። ሁለተኛዎቹ አጠር ያለ ጊዜ የሚሰጣቸው ናቸው። ባትሪ ብዙ ጊዜ እዚህ ይገባል፤ ጎማ ደግሞ በራሱ በጎማው አምራች ዋስትና ይያዛል። የበር ማስተካከል፣ የመብራት አቅጣጫ ማረም፣ የሚንኳኳ ነገር ማጥበቅን የመሰለ ሥራም በብዙ ደብተሮች ለመጀመሪያው ዓመት ወይም ለመጀመሪያዎቹ 20,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ሦስተኛዎቹ በአገልግሎት የሚያልቁ የሚባሉት ናቸው፤ የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ ፊልትሮ፣ ዘይት፣ ካንዴላ፣ አምፖል፣ ፊውዝ፣ የዝናብ መጥረጊያ ጎማ። እነዚህ አይሸፈኑም።

ክፍፍሉ በራሱ መጥፎ አይደለም። የፍሬን ሸራ ቁልቁለት በወረድን ቁጥር ያልቃል፣ ለዚያ አምራቹን ልንወቅስ አንችልም። ችግሩ "ያልቃሉ" የሚለው ዝርዝር ሁሉንም ትንሽ ዕቃ መሸሸጊያ ሲሆን ነው። አምፖል ከሁለት ዓመት በኋላ ቢቃጠል አለቀ እንላለን። በ2,000 ኪሎ ሜትር ሦስት ጊዜ ቢቃጠል ግን ያለቀው አምፖሉ አይደለም። ምናልባት ዲናሞው ከልክ በላይ እየጫነ ነው፣ ወይም ሽቦው የሆነ ቦታ ይነካካል። ፊውዝም እንዲሁ ነው። ፊውዝ የተሠራው አደጋ ሲመጣ ራሱን አቃጥሎ ሌላውን እንዲያድን ነው። ደጋግሞ የሚቃጠል ፊውዝ ምስክር ነው። ምስክሩን "አይሸፈንም" ብሎ መልሶ፣ የመሰከረበትን ጥፋት ሳይመረምሩ መሸኘት ፍትሐዊ አይደለም።

አንዲት የሥራ ባልደረባችን ከእቁብና ከባንክ ብድር አሰባስባ አዲስ የጭነት መኪና ገዛች። ገና አምስት ወር ሳይሞላው ያቤሎ አካባቢ የራዲያተሩ ጎማ ከማሰሪያው ላይ ማፍሰስ ጀመረ። ሹፌሩ ሙቀት መለኪያው ሲወጣ ወዲያው በማቆሙ ሞተሩ ተረፈ። ወኪሉ ግን "የጎማ ውጤት ዋስትና የለውም" አላት። የጎማው ዋጋ ለማንም የሚከብድ አልነበረም። የከበዳት ሦስት ቀን የቆመው ቲማቲም ነው፤ ተራግፎ በርካሽ ተሸጠ። ሹፌሩ ሞያሌ እስክደርስ ልታገስ ብሎ ቢነዳ ኖሮ ደግሞ ሞተሩ ይጋገር ነበር። ያኔ ወኪሉ "ሙቀቱን እያየ ስለነዳ" ብሎ ሞተሩንም እንደማይሸፍን ሊነግራት ይችላል። ትንሽ ዕቃ ትልቁን የምትገድለው እንዲህ ነው።

ኮሜርስ ስንማር የዕቃ ዋጋና የወጪ ዋጋ አንድ እንዳልሆኑ ተምረናል። ለነጋዴ የአንድ ሪሌ ወጪ ማለት የሪሌው ዋጋ፣ የክሬኑ ኪራይ፣ የሹፌሩና የረዳቱ ማደሪያ፣ የተበላሸው ጭነትና የቀረው ደንበኛ ተደምሮ ነው። የዋስትና ደብተር ደግሞ ዕቃውን ቢለውጥ እንኳ ሌሎቹን አይከፍልም፤ ተከታይ ጉዳት ብሎ በግልጽ ያወጣቸዋል። የባንኩ ወርሃዊ ክፍያና የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ግን መኪናው ቆመ ብለው አይጠብቁም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ከአዲስ አበባ ሞያሌ ወደ 770 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ 1,540። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚመላለስ መኪና 100,000 ኪሎ ሜትሩን በ65 ሳምንት፣ ማለትም በ15 ወር ይጨርሰዋል። "3 ዓመት" የተባልነው ዋስትና ለእኛ የአንድ ዓመት ከሦስት ወር ነው። የ20,000 ኪሎ ሜትሩ የማስተካከያ ጊዜ ደግሞ በ13 ምልልስ፣ በሦስት ወር ያልቃል። በከተማ ለሚነዳ ሰው የተጻፈ ደብተር ነው በእጃችን ያለው።

ድንበሩም የራሱ ጣጣ አለው። ዋስትና ብዙ ጊዜ የሚሠራው መኪናው በተሸጠበት አገር ባለው ወኪል በኩል ነው። ናይሮቢ ያው የመኪናው ምልክት ያለበት ትልቅ ጋራዥ ቢኖርም፣ አዲስ አበባ የተሸጠን መኪና በነፃ የመሥራት ግዴታ ላይኖርበት ይችላል። ከዱባይ ወይም በግል አስመጪ በኩል የገባ አዲስ መኪናም እንዲሁ ነው፤ ለዚያ ገበያ የተሰጠው ዋስትና እዚያው ሊቀር ይችላል። በዚያ ላይ ኬንያ መሪው በቀኝ፣ የእኛ በግራ ነው። ስለዚህ የፊት መብራት፣ የዝናብ መጥረጊያና የመሪ አካባቢ ዕቃዎች ከኬንያ ገዝተን እንተካለን ብንል ሁሌ አይገጥሙም። የኬንያ የፊት መብራት ቢገጥም እንኳ ብርሃኑን የሚያጋድለው ከፊት ወደሚመጣው መኪና ነው።

በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ለቤተሰብም ለሥራም የኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁ ብዙ ናችሁ። እነሱም ላይ ነገሩ አንድ ነው። ሻጩ የትልቁን ባትሪ የ8 ዓመት ዋስትና ያወራላችኋል። መኪናው ግን 12 ቮልት ትንሽ ባትሪም አለው፤ እሱ ከሞተ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ እንኳ መኪናው አይነሣም። የትንሹ ባትሪና የቻርጅ ገመዱ ዋስትና ስንት ወር እንደሆነ ለይታችሁ ጠይቁ።

ሕጉስ? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የገዛው ዕቃ ጉድለት ያለበት ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። ነገር ግን አዋጁ ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው ነው። ለንግድ መኪና የገዛን ሰዎች በዚህ ብቻ ልንተማመን አይገባም። ለእኛ የቀረበው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከጉድለት ነፃ ለመሆኑ ዋስ ነው ይላል። ገዢው ግን ዕቃውን መመርመርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ "ቀላል ነው፣ በሚቀጥለው ሰርቪስ እናገራለሁ" ማለት መብትን ማሳለፍ ሊሆን ይችላል።

ወኪሎች የሚሉት አለ። መንገዱ መጥፎ ነው፣ ሹፌር አይጠነቀቅም፣ ነጋዴ ከልክ በላይ ይጭናል፣ ሁሉን ብንሸፍን የመኪናው ዋጋ ይንራል ይላሉ። እውነት አላቸው። ከመካከላችን መኪናው ከሚችለው በላይ የሚጭን አለ፤ ባሌስትራው ሲሰበር ዋስትና ቢጠይቅ አላዝንለትም። እኔም ሁሉ ይሸፈን አላልኩም። ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት ትንሽ ዕቃ ሲበላሽ ወኪሉ መርምሮ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጥ። ማለቅ ከሆነ እኛ እንክፈል፤ የአሠራር ጉድለት ከሆነ ዕቃውንም የእጅ ዋጋውንም እሱ ይቻል። ይህ ዋጋ የሚያንር አይመስለኝም።

እስከዚያው ከመፈረማችን በፊት እነዚህን እንጠይቅ፣ መልሱንም በውሉ ላይ እናስጽፍ፦

1. የማይሸፈኑት ዕቃዎች ዝርዝር በአማርኛ ይሰጠኝ። የጎማ ቱቦ፣ ቺንጋ፣ ሪሌ፣ ሴንሰርና የበር እጀታ በየትኛው ክፍል ናቸው?
2. ዕቃ በነፃ ሲለወጥ የእጅ ዋጋውስ በነፃ ነው?
3. ዋስትናው የሚቆጠረው ከየትኛው ቀን ነው? መኪናውን ብሸጠው ለገዢው ይተላለፋል?
4. በሐዋሳ፣ በሞያሌ መንገድ ወይም ከድንበር ማዶ የታወቀ ጋራዥ አላችሁ? ከሌለ መንገድ ላይ በሌላ መካኒክ ባሠራ ዋስትናዬ ይፈርሳል? ወይስ የሚቀረው ያ መካኒክ የነካው ክፍል ብቻ ነው?
5. ዕቃው በመጋዘን ከሌለ ስንት ቀን እጠብቃለሁ?

ከገዛን በኋላም ሰርቪሱን በኪሎ ሜትሩ ማድረስ፣ ደብተሩን ማስመታት፣ ብልሽት ሲያጋጥም ኪሎ ሜትሩን ጭምር በስልክ ፎቶ ማንሣት፣ በዚያው ቀን ለወኪሉ በመልእክት ማሳወቅ፣ የወለቀውን አሮጌ ዕቃ አለመጣል ይጠቅማል። ሹፌሮቻችንም ቀይ መብራት ሲያዩ እንዲያቆሙ በግልጽ እንንገራቸው፤ በማቆማቸውም አንቆጣቸው።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ሻጩ "ምንም አያስቡ" ሲለን "እንግዲያው ይጻፍልኝ" እንበል። አንድ ሰው ሲጠይቅ እንደ ነገረኛ ይታያል። ሃምሳ ነጋዴ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዞ ሲመጣ ግን ሻጩ ውሉን ማስተካከል ይጀምራል። የወኪል መልስ በጽሑፍ ያገኛችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ የድርጅቱን ስም ሳትጠሩ የተጻፈውን ብቻ አካፍሉን፤ ቀጣዩ ገዢ ይማርበታል።

መልካም መንገድ፣ መልካም ገበያ።