ስማቸው ስለ ተለወጠው ባለ ጥሩር ዓሦች

ባዮሎጂ ከምንማረው ተማሪዎች ብዙዎቻችን የፍጥረታትን አመዳደብ እንደ ስም መጥሪያ መዝገብ እንቈጥረዋለን። ስሙን በቃል ይዞ ለፈተና መቅረብ ነው፤ ፈተናው ሲያልፍ ስሙም አብሮ ያልፋል። ስለዚህም አንድ ሊቅ ተነሥቶ የአንድ ፍጥረት ስም ለወጠ ሲባል «ሥራ ፈት!» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ይሰማል። እኔ በበኩሌ ይህን አስተያየት አልቀበለውም። የማልቀበልበትንም ምክንያት አብዛኞቹ ከጣት የማይረዝሙ የደቡብ አሜሪካ ዓሦችን ምስክር አድርጌ ለመግለጽ እሞክራለሁ። (እዚህ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።)

ዓሦቹ ኮሪዶራስ በሚል ስም የታወቁ ናቸው። መኖሪያቸው ከአንዲስ ተራሮች በስተ ምሥራቅ፣ ከትሪኒዳድ ደሴት አንሥቶ እስከ ሰሜን አርጀንቲና ድረስ ባሉት ወንዞችና ጅረቶች ውስጥ ነው። ከአገራችን አምባዛ ጋር በሩቁ ይዛመዳሉ፤ እንደ እርሱም በአፋቸው ዙሪያ ጢም አላቸው፤ በዚሁ ጢም የወንዙን አሸዋ እየዳሰሱ ትልና ሌላ ጥቃቅን ነገር ይለቅማሉ። የአምባዛ ቆዳ ግን ልስልስ ሲሆን፣ እነዚህ በያንዳንዱ ጐናቸው በሁለት ረድፍ እንደ ቤት ክዳን የተደራረበ የአጥንት ጥሩር ለብሰዋል። በጀርባቸውና በደረታቸው ክንፎች ላይም ጠንካራ እሾህ አለ። ጠላት ሲመጣባቸው እሾሁን አቁመው ይቈልፉታል፤ ሊውጣቸው የቃጣ ትልቅ ዓሣ ጉሮሮውን ይወጋል፤ ይባስ ብሎ መርዝም አላቸው። ፈረንሳዊው ሊቅ ላሴፔድ በ1803 የራስ ቁርና ቆዳ ከሚሉ የግሪክ ቃላት አገናኝቶ ኮሪዶራስ የሚለውን ስም አወጣ። ኦሪትም ዓሣን በክንፍና በቅርፊት ትለያለች፤ ያ ግን ለመብል የተሰጠ ሥርዓት ነው እንጂ ዝምድናን ለመቍጠር አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ አተነፋፈሳቸው ነው። በውሃው ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ሲያንስባቸው ወደ ላይ ተወርውረው አየር ይጐርሱና ይውጡታል። አየሩ እስከ ኋለኛው አንጀት ይወርዳል፤ በዚያ የአንጀቱ ግድግዳ ስስ፣ የደም ሥሩም ብዙ ስለሆነ ኦክሲጅኑ ወደ ደም ይገባል፤ የተረፈው በታች በኩል ይወጣል። አምባዛም እንዲሁ ከውሃ በላይ አየር ይጐርሳል፤ ነገር ግን የሚተነፍስበት ብልት ከስንጥቡ በላይ የሚገኝ፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያለ ነው። ከዳር ቆሞ ለሚመለከት ሰው ሁለቱ የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው። ውስጣቸው ሲታይ ግን አንዱ በአንጀቱ፣ ሌላው በራሱ አጠገብ ይተነፍሳል። እንግዲህ የላይ መመሳሰል ምን ያህል እንደሚያታልል ከዚህ መጀመር ይቻላል።

አሁን ወደ ስሙ ልምጣ። ሊቃውንት ለማንኛውም ፍጥረት ሁለት ስም ይሰጡታል፤ አንደኛው የወገኑ፣ ሁለተኛው የዝርያው ነው። ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም፤ የራስ ስምና የአባት ስም እንደ ማለት ነው። ልዩነቱ እነርሱ የአባቱን ማስቀደማቸው ብቻ ነው። ቻርልስ ዳርዊን ቢግል በተባለችው መርከብ ሲዞር ከሰበሰባቸው ዓሦች አንዷን፣ ጄኒንስ የተባለ እንግሊዛዊ በ1842 ካሊክቲስ ፓሌያተስ ብሎ ሰየማት። በኋላ ሌሎች መርምረው ኮሪዶራስ ፓሌያተስ አሏት። በ2024 ደግሞ ሆፕሊሶማ ፓሌያተም ተባለች። በመጨረሻው ፊደል የታየው ለውጥ የላቲን ሰዋስው የሚያዝዘው የጾታ ስምምነት ነው እንጂ የራሷ ስም ከ1842 ጀምሮ አልተነካም። የተለወጠው የአባት ስሟ ነው። አንድ ልጅ በእንጀራ አባቱ ስም ሲጠራ ቢያድግና የወለደው አባቱ ቢታወቅ፣ መዝገቡን የሚያርመውን ጸሐፊ ሥራ ፈት የሚለው ማን ነው?

የ2024ቱን ለውጥ ያመጡት እነ አንጀሊካ ዲያስ ናቸው። ከዚያ በፊት ኮሪዶራስ በሚለው በአንዱ ወገን ሥር ከ160 የሚበልጡ ዝርያዎች ታጭቀው ነበር። እነዚህ መርማሪዎች የዓሦቹን ዘረ መልና የአካላቸውን አሠራር አመሳክረው ያ ትልቅ ወገን በአምስት እንዲከፈል አደረጉ፤ እነዚህም ኮሪዶራስ፣ ሆፕሊሶማ፣ ብሮኪስ፣ ኦስቴዮጋስተርና ጋስትሮደርመስ ናቸው። አዲስ ስም ለመፍጠር አልቸኰሉም። ሆፕሊሶማ በ1838፣ ኦስቴዮጋስተርም በ1894 የወጡ፣ ኋላ ግን የተተዉ ስሞች ነበሩ፤ አቧራቸውን አራግፈው አነሡአቸው። ኮሪዶራስ የሚለው ስም በአመዛኙ አፍንጫቸው ለረዘመው ቀረላቸው፤ ላሴፔድ በ1803 የሰየመው የመጀመሪያው ዝርያ ከእነርሱ ወገን ነውና።

«ዐይን ያየውን ትቶ በዘረ መል መፍረድ ለምን አስፈለገ?» የሚል ቢኖር ወደ ሪዮ ኔግሮ ወንዝ ልውሰደው። በዚህ የብራዚል ወንዝ የላይኛው ክፍል ነጣ ያለ ገላ፣ በጀርባው ላይ ጥቁር መስመር፣ ከራሱ በስተ ኋላ ብርቱካንማ ምልክት ያለው ዓሣ ይኖራል። ስሙን በ1982 አዶልፎይ አሉት። በዚያው አካባቢ በዚያው ቀለም የተቀባ ሌላ ዓሣ ተገኘ፤ አፍንጫው ግን ረዘም ያለ ነው። እርሱን በ1983 ኢሚታቶር አሉት፤ በላቲን አስመሳይ ማለት ነው። ቀለማቸውን ያየ ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ናቸው ይላል። ነገር ግን የተለያየ ወገን ናቸው።

ይህም የሁለቱ ብቻ ጠባይ አይደለም። በ2011 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳስረዳው፣ በአንድ ወንዝ አብረው የሚኖሩና አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው የእነዚህ ዓሦች ዝርያዎች ብዙውን ጊዜ የቅርብ ዘመዶች አይደሉም። የቅርብ ዘመዶች ቢሆኑ አፋቸውም ምግባቸውም ይመሳሰልና ይሻማሉ። አፍንጫው የረዘመውና ያጠረው ግን የሚመገቡት የተለያየ ስለሆነ በሰላም አብረው ይኖራሉ፤ አንድ ዓይነት ቀለም መልበሳቸውም ሁሉንም ይጠቅማል። ጠላታቸው አንዱን ቀምሶ በእሾሁ ከተወጋ ያንን ቀለም የለበሰውን ሁሉ ይሸሻል። ይህን ዓይነቱን መመሳሰል በ19ኛው መቶ ዓመት በብራዚል ይኖር የነበረው ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሙለር በቢራቢሮዎች ላይ አስረድቶ ነበር።

በዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ሁለቱም እሾህ ያላቸው ሆነው ሳለ አንደኛው ብቻ አስመሳይ መባሉ ፍርደ ገምድልነት ነው። ጥፋቱ አንድ ዓመት ዘግይቶ መሰየሙ ብቻ ነው። የዝርያ ስም ደግሞ በሕጉ መሠረት ስላልተስማማን አይሻርም፤ ስለዚህ ይህ ንጹሕ ዓሣ ስሙን ይዞ ይኖራል።

ስም ሲለወጥ ችግር መኖሩን አልክድም። እነዚህን ዓሦች በመስተዋት ገንዳ የሚያረቡ ሰዎች በዓለም ሁሉ አሉ፤ መጽሐፋቸውና የሻጩ ወረቀት ከአዲሱ መዝገብ ጋር አይገጥምም። ይሁን እንጂ የሕዝብ ስም በሊቃውንት ፈቃድ የሚወጣና የሚወርድ አይደለም። የምሥራቅ አፍሪካ አምባዛ በድሮ መጻሕፍት ክላሪያስ ሞሳምቢከስ ይባል ነበር። በ1980ዎቹ ቤልጂጋዊው ቶይግልስ መርምሮ፣ በ1822 ተሰይሞ ክላሪያስ ጋሪየፒነስ ተብሎ ከሚታወቀው ዝርያ እንደማይለይ ስላሳየ ዛሬ በዚህኛው ስም ይጠራል። የአገራችን ዓሣ አጥማጅ ግን ያን ጊዜም አምባዛ፣ ዛሬም አምባዛ ይለዋል፤ መረቡም አልተበጠሰበትም።

ስለዚህ በፈተና «የዚህ ዓሣ ስም ማን ነው?» ከምንባል ይልቅ ሁለት ተመሳሳይ ዓሦች ተሥለው «ዘመዳማቾች መሆናቸውን በምን ታውቃለህ?» ብንባል እመርጣለሁ። ያን ጊዜ ስለ አፍንጫ፣ ስለ አጥንትና ስለ ምግብ ማሰብ ግድ ይሆንብናል። ሸምድዶ የመጣውና አስቦ የመጣው ተማሪም የሚለዩት በዚህ ነው።

ሥራው ገና አላለቀም። ከወንዝ ወጥተው በየገንዳው የሚዋኙ፣ ሳይንሳዊ ስም ግን ያልወጣላቸው ብዙ ናቸው። ለእነርሱ በ1993 አንድ የጀርመን የዓሣ ወዳጆች መጽሔት «ሲ» የሚለውን ፊደል ከቍጥር ጋር መስጠት ጀመረ፤ አንዱ ዓሣ ተመርምሮ ስም ሲያገኝ ቍጥሩ ይቀርለታል። አንዳንዶች ዓሣን በቍጥር መጥራት እስረኛ ማስመሰል ነው ይላሉ። እኔ ግን ማንነቱ ሳይጣራ አስመሳይ ተብሎ ከሚሰየም፣ ለጊዜው ቍጥሩን ይዞ ቢቈይለት ይሻላል ባይ ነኝ።