በኪሎ ሜትር ሠላሳ ሳንቲም፦ የታይሚንግ ቺንጋው ዕዳ የማን ነው?

ሱማሌ ተራ የሚኒባስ መለዋወጫ ሊገዛ ሄዶ ዋጋ ጠይቆ ባዶ እጁን የሚመለስ ባለንብረት ማየት አዲስ ነገር አይደለም። “ትንሽ ይሥራና እቀይረዋለሁ” ብሎ ከሚተዋቸው ዕቃዎች አንዱ ታይሚንግ ቺንጋ ነው። ከሞተሩ ፊት በሽፋን ተከልሎ ስለሚቀመጥ የሚያየው የለም። ሥራው ግን ቫልቮቹ በሰዓታቸው እንዲከፈቱና እንዲዘጉ ማድረግ ነው። የተበጠሰ ዕለት በአብዛኞቹ የናፍጣ ሞተሮች ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ከዚያ በኋላ ወሬው ስለ ቺንጋ መሆኑ ቀርቶ ስለ ቴስታታ፣ አንዳንዴም ስለ ሙሉ ሞተር ይሆናል።

ዋጋው ለምን ናረ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ በዋዜማው በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከአንድ ዓመት በኋላ ከ130 ብር አልፏል። ለምሳሌ በ50 ዶላር የሚመጣ ዕቃ 2,850 ብር ይተመን የነበረው 6,500 ብር ሆነ ማለት ነው፤ ማጓጓዣ፣ ቀረጥና ትርፍ ገና አልተጨመሩም። እርግጥ ቀድሞም ብዙ አስመጪ ዶላሩን ከጥቁር ገበያ ያገኝ ስለነበር የሁሉም ዕቃ ዋጋ በአንድ ሌሊት እጥፍ ሆነ አይባልም። በሌላ በኩል ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉ በጥር 2016 ይፋ ሆኗል። ስለዚህ ያለው መኪና ይበልጥ አርጅቶ ይሠራል፤ መለዋወጫም ይፈልጋል።

ቺንጋው ብቻውን አይቀየርም። መወጠሪያው፣ ኩሽኔታው፣ ብዙ ጊዜም የውኃ ፓምፑ አብረው ይታያሉ፤ የእጅ ዋጋም አለ። ወጪው እንደ መኪናውና እንደ ጋራዡ ስለሚለያይ ለስሌት ያህል ሁሉም በ30,000 ብር አለቀ እንበል። ብዙ ሞተሮች ላይ መቀየሪያው 100,000 ኪሎ ሜትር ነው። በኪሎ ሜትር ሲካፈል 30 ሳንቲም ይመጣል። በቀን 150 ኪሎ ሜትር ለሚሠራ ሚኒባስ 45 ብር ማለት ነው። በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ የሚያስደነግጠው ገንዘብ በየቀኑ ቢቀመጥ የጥቂት ተሳፋሪዎች ሒሳብ ያህል ነው።

ታዲያ ለምን አይቀመጥም? ችግሩ ከብሩ ይልቅ ውሉ ላይ ነው። በከተማችን ሹፌሩ ለባለንብረቱ በየቀኑ የተቆረጠ ገቢ ያስገባል። ባለንብረቱ ቆጣሪውን አያይም፤ ሹፌሩ መኪና ለአንድ ቀን ካቆመ ገቢው ይቀርበታል። ስለዚህ ሁለቱም ዝም ይላሉ። የተበጠሰ ቀን ግን “አንተ ነህ” መባባል ይጀመራል፤ በመሐል መንገድ ላይ የቀረው ተሳፋሪ ነው።

የኢጃራ ፊቅህ እዚህ ላይ ግልጽ ነው። ንብረቱ ለታለመለት ጥቅም ብቁ ሆኖ እንዲቆይ የሚያደርግ ዋና ጥገና የአከራዩ ነው፤ ተከራይ የሚጠየቀው በማጥፋቱ ወይም በቸልተኝነቱ ለደረሰ ጉዳት ነው። በዚህ መሠረት በጊዜው የሚቀየር ቺንጋ የባለንብረቱ ወጪ ነው። የምልክት መብራት እያየ ያልተናገረ ሹፌር ደግሞ አማናውን አጉድሏል።

የሻጭና የመካኒክ ሐቅም አለ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ በእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ከተው እርጥበት ባገኙ ጊዜ፣ ሻጩን ለምን ሰው እንዲያየው ከላይ እንዳላደረገው መጠየቃቸው በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ቺንጋ ከሽፋን ሥር ያለ እርጥብ እህል ነው። ቆጣሪ መልሶ መኪና የሚሸጥ፣ ቺንጋውን ሳይቀይር የዳሽቦርዱን መብራት ብቻ የሚያጠፋ፣ አስመስሎ የተሠራውን “ኦሪጅናል” ብሎ የሚሸጥ ሁሉ እርጥቡን ከሥር ደብቋል።

መፍትሔው ምንዛሪ እስኪወርድ አይጠብቅም። ባለንብረትና ሹፌር ጥገናው የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይዋዋሉ፤ የዕለቱን 45 ብር ከገቢው ላይ ለይተው ያስቀምጡ። የተቀየረበት ቀንና ኪሎ ሜትር በወረቀት ተጽፎ ሽፋኑ ላይ ይለጠፍ። መካኒክም አሮጌውን ቺንጋ ለባለቤቱ ያስረክብ። ይህን ለማድረግ ዶላር አያስፈልግም፤ አማና ይበቃል። ወላሁ አዕለም።