«ቀጥል» የሚለው ማን ነው?

ዛሬ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎችም ሳንቀር የእህል ዋጋና የሕዝብ ቍጥር በኮምፒዩተር በግራፍ እንሥላለን። ግራፍ የሚሥለው ፕሮግራም ግን ሥራውን ሲጨርስ መስኮቱን ዘግቶ ይሄዳል፤ ሥዕሉም ዓይን ሳያርፍበት ይጠፋል። ስለዚህ የፕሮግራሙ ጸሐፊ «ሰው ቁልፍ እስኪጫን ጠብቅ» የሚል አንድ መሥመር ያስገባበታል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ማትፕሎትሊብ ለዚህ የተለየ ትእዛዝ አለው፤ ቁልፍ ከተነካ «እውነት»፣ የማውሱ አዝራር ከተነካ «ሐሰት»፣ የተወሰነለት ጊዜ ካለፈ ደግሞ ባዶ መልስ ይሰጣል። እንግዲህ ማሽኑ ጣት መንካቱን ያውቃል፤ ዓይን ማየቱን ግን አያውቅም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን መሥመር የጊዜ ማባከኛ ነው ብለው ይሰርዙታል። ሌሎችም ጣታቸውን ከቁልፉ ሳያነሡ ሥዕሎቹን ያስሮጧቸዋል። ከዚያ በኋላ ትንሹን ልዩነት ተራራ ያስመሰለ ግራፍ በመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ቢለጠፍ ማን ያርመዋል?

በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። እዚያ ተማሪው በመምህሩ ፊት ያዜማል፤ መምህሩም ያዳምጣል፤ ከሳተ ይመልሰዋል፤ ከቀና ያሳልፈዋል። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሯቸው ከሚነገርላቸው የዜማ ምልክቶች መካከል እንኳ ይዘትና ቁርጥ አሉ። መያዝና ማቋረጥ የዜማው አካል እንጂ የዜማው እንቅፋት አይደሉም። በእኛ ክፍል ውስጥ ግን እንደ ተማሪ ቆሞ የሚጠብቀው ማሽኑ ነው፤ በመምህሩ ወንበር የተቀመጥነው እኛ ነን። ሳንሰማ «ቀጥል» የምንል ከሆነ ወንበሩን ለምን ያዝነው?

የተቃዋሚዎቻችን ክርክር ፈጽሞ ከንቱ ነው አንልም። መቶ ሥዕል ሌሊቱን እንዲሠራ የታዘዘ ማሽን ሰው በሌለበት «ጠብቅ» ቢባል፣ በመጀመሪያው ሥዕል ላይ ተገትሮ ያድራል። እንዲህ ላለው ሥራ ሥዕሎቹ በፋይል ተቀምጠው በማግስቱ ይታዩ። የሚታዩበት ሰዓት ይለወጥ እንጂ መታየታቸው አይቅር።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ቁልፉን ከመጫናችን በፊት ሥዕሉ ምን እንደሚል በአንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር እንሞክር። መናገር ካቃተን ጣታችንን እንሰብስብ፤ ማሽኑ እንደ ሆነ መጠበቅ አይሰለቸውም።