ቱቦው ይውጣለት ወይ?

ባለፈው ወር ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ አንዲት የሰፈራችን አያት ክንዴን ይዛ ወደ ኋላ አስቀረችኝ። «ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ሰው ፊት አይሆንም» አለችኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሽተኛ የማየው እንዲህ በመንገድ ላይ ነው።

የልጅ ልጇ 18 ዓመት ሞልቶታል። ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ ከአዲስ አበባ ራቅ ወዳለ ከተማ ሊሄድ ነው። ሕፃን ሳለ ጭንቅላቱ ውስጥ ውኃ ተጠራቅሞ፣ ማለትም ሃይድሮሴፋለስ ይዞት፣ በአራት ወሩ ሸንት የሚባለው ቀጭን ቱቦ በቀዶ ሕክምና ገብቶለታል። ከጆሮው ኋላ ጉብ ያለች ነገር ትዳሰሳለች፤ አንገቱ ላይም ገመድ የመሰለ መስመር አለ። ልጁ «ይህን ይዤ ዶርም አልገባም፣ ይውጣልኝ» ብሎ ቤቱን አስጨንቋል። የአያቱም ልብ ወደ እሱ አድልቷል። «ይህን ሁሉ ዓመት ራሱን እንኳ አሞት አያውቅም። ድኗል ማለት አይደል?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ በሥራ ዘመኔ ከብዙ ወላጆች ሰምቼዋለሁ። ልጁ ደህና በሆነ ቁጥር ቱቦው ትርፍ ነገር ይመስላል።

አንጎላችን በውስጡ ባሉት ክፍተቶች ንጹሕ ፈሳሽ ያመነጫል፤ በአዋቂ ሰው በቀን ግማሽ ሊትር ያህል። ፈሳሹ አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን ዞሮ ወደ ደም ይመለሳል። መንገዱ ከተዘጋ ግን ይጠራቀማል። ሕፃን ላይ ጭንቅላቱ ይተልቃል፣ እርግብግቢቱ ይወጠራል። የራስ ቅሉ ከገጠመ በኋላ ግን የሚሰፋ ነገር ስለሌለ ጫናው በቀጥታ አንጎሉ ላይ ያርፋል። ሸንት የተዘጋውን መንገድ አይከፍትም። ፈሳሹን በቫልቭ እየመጠነ ከቆዳ ሥር አውርዶ ሆድ ዕቃ ውስጥ ያፈስሰዋል፤ ሰውነትም እዚያ ይመጠዋል። በነገራችን ላይ፣ በሰፊው ሥራ ላይ ከዋሉት የመጀመሪያዎቹ ቫልቮች አንዱን እ.ኤ.አ. በ1956 ገደማ የሠራው ጆን ሆልተር የሚባል አሜሪካዊ የማሽን ባለሙያ ነው። ሐኪም አልነበረም፤ ይህ ሕመም የያዘው ሕፃን አባት ነበር።

ለአያቲቱ የነገርኳት በቤቷ አሸንዳ ነው። «ክረምቱን ሙሉ ግድግዳሽ ደርቆ ከረመ። ታዲያ ግድግዳዬ ደረቅ ነውና አሸንዳው ይነሳ ትያለሽ?» አልኳት። ሳቀች። ግን አላመነችኝም፤ ፊቷ ያስታውቃል።

ስለዚህ ለማንም የማልነግረውን ነገርኳት። ዛሬ ለእናንተም ልንገራችሁ።

ከ20 ዓመት በፊት፣ በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል፣ የ9 ዓመት ልጅ ተኝታ ነበር። ሦስት ቀን ራሷን አሟታል፣ ያስመልሳታል። ታይፎይድ ነው ተብሎ መድኃኒት ተጀምሮላታል። እናቷ «ቱቦ አለባት እኮ» ስትለኝ «እሱማ በሕፃንነቷ የገባ ነው፤ እስካሁን ምን አደረጋት?» ብዬ የመለስኩላት እኔ ነኝ። የማታ ተረኛ ነበርኩ። ሌሊት ላይ መድኃኒት ልሰጣት ስቀሰቅሳት አልነቃ አለችኝ። ቱቦው ተዘግቶ ነበር። ያኔ በአገሪቱ የነበሩት የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ እንደ ምንም ተደርሶላት ቱቦው ተቀየረ። ልጅቷ ተረፈች። ዓይኗ ግን እንደ ቀድሞው አላየም። እናቷን ይቅርታ ጠይቄአታለሁ። እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ያልወጣው ግን ያ «እኮ» ነው።

ሸንት ይበላሻል። በልጆች ላይ ከሚገቡት ግማሽ ያህሉ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደገና መጠገን ወይም መቀየር ያስፈልጋቸዋል። አሥርና ሃያ ዓመት ሠርቶ የሚዘጋም አለ። ልጁ ቁመት ሲጨምር ቱቦው ያጥራል፤ ሲያረጅ ይደርቅና አንገት ላይ ይሰበራል። ጠዋት የሚብስ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የማይለቅ እንቅልፍ፣ ሁለት ሁለት ማየት፣ ያለ ምክንያት የትምህርት መውረድ ከታየ ያንኑ ቀን ሆስፒታል ነው። ትኩሳትና የሆድ ሕመም ከመጣ፣ በተለይ ቀዶ ሕክምናው በተደረገ ወራት ውስጥ ከሆነ፣ ቱቦው ተመርዞ ሊሆን ይችላል። የሆድ ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገውም፣ የምትወልድ ሴትም ብትሆን፣ ሸንት እንዳለ አስቀድሞ መንገር ነው። ጸበል የሚወስዱ አሉ፤ እኔም እጠመቃለሁ። ምልክቱ ከመጣ ግን መጀመሪያ ሆስፒታል።

ሸንት ሳያስፈልጋቸው የሚኖሩስ የሉም? አሉ፤ ጥቂት ናቸው። ችግሩ ከውጭ አይቶ መለየት አለመቻሉ ነው። በራጅ ተሰብሮ የታየ ቱቦ እንኳ በዙሪያው በበቀለው ሥጋ በኩል ፈሳሹን እያሳለፈ ሊሆን ይችላል። ብዙ ዓመት የቆየ ቱቦ ደግሞ ከአንጎል ጋር ይጣበቃል፤ ሲመዘዝ ሊያደማ ስለሚችል ሐኪሞች የማይሠራውን እንኳ ብዙ ጊዜ ባለበት ይተዉታል። ሌላም መንገድ አለ፤ በቀጭን ካሜራ ገብቶ ከአንጎሉ ክፍተት ወለል ላይ ለፈሳሹ አዲስ በር መክፈት። በኡጋንዳ ምባሌ ከተማ ዶክተር ቤንጃሚን ዋርፍ ይህን ዘዴ አዳብሮ ብዙ ሕፃናትን ያለ ሸንት አሳድጓል። ሸንት የነበራቸው አንዳንዶችም በዚህ ይገላገላሉ። ለማን እንደሚሆን ግን የሚወስነው የሕመሙ መነሻና ምርመራው ነው። ጎረቤትም፣ እኔም አይደለን።

በሳምንቱ ከልጁና ከእናቱ ጋር የአንጎል ቀዶ ሐኪም ዘንድ ሄድን። አዲሱ ሲቲ ስካን ከድሮው ጋር ተነጻጸረ፤ ራጅም ተነሳ። ሐኪሙ ሥዕሉን ለልጁ እያሳየ፣ ለእኛ ሳይሆን ለእሱ፣ ቱቦው እየሠራ እንደሆነና እንደማይነካው ነገረው። ልጁ ብዙ ዝም አለና «ታዲያ እስከ መቼ?» አለ። «ምናልባት ዕድሜህን ሙሉ» አለው። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አንድ ቃል አልተናገረም። እኔም ምክር አላበዛሁበትም፤ በዚያ ዕድሜ ምን እንደሚሰማ ገና አልረሳሁም።

ከመሄዱ በፊት ግን ሦስት ነገር አስደረግሁት። የሲቲውን ሥዕልና የሕክምና ማስረጃውን በስልኩ ፎቶ አነሳ፤ ወደሚሄድበት ከተማ የሚቀርበው የአንጎል ቀዶ ሕክምና ያለበት ሆስፒታል የት እንደሆነ ጠይቆ ጻፈ፤ ከዶርም ልጆች ለአንዱ ብቻ፣ ለሚያምነው፣ እንዲነግር ቃል ገባልኝ። ተኝቶ አልነቃ ቢል ማን ያውቃል?

ትናንት አያቱ በር ላይ አገኘችኝ። ደርሶ ደውሏል፤ ለአንዱ ልጅም ነግሮታል። «ፀጉሩን ግን ማሳደግ ጀምሯል፤ ያቺ ጉብታ እንዳትታይበት። ልቆጣው እንዴ?» አለችኝ።

«ተይው፣ ያሳድግ» አልኳት።