ስለ ባልንጀራ ብሎ መቅረት

ክርስቲያን ከገዛ ምቾቱ ይልቅ የባልንጀሮቹን ደኅንነት ሊያስቀድም ይገባዋል ሲባል፥ ሁላችን ደስ ብሎን አሜን እንላለን። ምቾት የሚባለው ነገር ለስላሳ መኝታና የሞላ ማዕድ ብቻ ስለሚመስለን ነው። ከእንጀራችንም ቈርሰን ለድኻ ከሰጠን ትእዛዙን የፈጸምን እንመስላለን። እኔ ግን እንደሚመስለኝ፥ ለመተው ከሁሉ የሚከብደው ምቾት ክፉ ቀን በመጣ ጊዜ ጓዝን ጠቅልሎ መሸሽ ነው። ስለዚህ ነገር፥ ልጆች ሆይ፥ በእንግሊዝ አገር በደርቢሺር አውራጃ፥ ኢም በምትባል ትንሽ መንደር የሆነውን ልንገራችሁ።

እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1665 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ታላቅ ቸነፈር ነበረ። በዚያው ዓመት ከለንደን ወደ ኢም ለአንድ ልብስ ሰፊ ጨርቅ ተላከለት። በጨርቁም ውስጥ በሽታውን የሚያስተላልፍ ቁንጫ እንደ ነበረበት ይታመናል። የልብስ ሰፊው ረዳት በጥቂት ቀን ውስጥ ሞተ፤ ጎረቤቶቹም ተከታተሉት።

የመንደሩ ቄስ ዊልያም ሞምፐሰን ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ነበረ። ከእርሱ በፊት የነበረው ቶማስ ስታንሊ ግን መንግሥት በ1662 ያወጣውን የአምልኮ ሕግ አልቀበልም በማለቱ ከሹመቱ ተሽሮ ነበርና፥ ሁለቱ በሃይማኖት ነገር አይስማሙም ነበር። ሆኖም በ1666 በሰኔ ወር ጠባቸውን ትተው አብረው ቆሙና፥ ማንም ከመንደሩ ወሰን እንዳይወጣ ሕዝቡን ለመኑ። የሸሸ ሰው በሽታውን ወደ ሼፊልድ ከተማና በዙሪያው ወዳሉት መንደሮች ይዞት ይሄዳልና። ሕዝቡም እሺ አለ።

ከዚህ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑን ዘግተው በሸለቆ ውስጥ ተራርቀው እየቆሙ ጸለዩ፤ ሙታናቸውንም በየጓሮአቸውና በየእርሻቸው ቀበሩ። በወሰኑ ላይ ባለው ድንጋይ ጉድጓድ ተፈልፍሎ፥ ሆምጣጤ በሽታን ያነጻል ይባል ነበርና፥ ገንዘባቸውን በሆምጣጤ ነክረው ያኖሩበት ነበር። የጎረቤት መንደር ሰዎችም እህሉን አስቀምጠው ገንዘቡን ይወስዳሉ። የዴቮንሺር ኧርልም ከቻትስዎርዝ ምግብ ላከላቸው። ይህን ልብ አድርጉ፤ ስለ ሌላው ብሎ ደጁን የዘጋውን ሰው ሌላው ሊመግበው ይገባል። ያለዚያ ነገሩ መሥዋዕት መሆኑ ቀርቶ ግፍ ይሆናል።

ኤልሳቤጥ ሃንኮክ የምትባል ሴት በነሐሴ ወር፥ በስምንት ቀን ውስጥ፥ ባልዋንና ስድስት ልጆችዋን በገዛ እጅዋ ቀበረች። የቄሱም ሚስት ካትሪን ሽሺ ብትባል እምቢ ብላ ከባልዋ ጋራ ድውያንን ስትጠይቅ ቆይታ በዚያው ወር ሞተች። ቸነፈሩ እስኪያልፍ ድረስ በዐሥራ አራት ወር ውስጥ ወደ 260 የሚሆኑ ሰዎች አለቁ።

ሞምፐሰንን የሚነቅፉ አሉ። ወሰኑ ከመዘጋቱ በፊት ሁለት ልጆቹን ወደ ሌላ አውራጃ ልኮአቸው ነበርና። ከባለጠጎቹም አስቀድመው የሸሹ ነበሩ። ነቀፋው ከንቱ አይደለም፤ የድኻው ልጅ የሚላክበት ዘመድ አልነበረውም። ስለዚህ እኔ ከቄሶቹ ይልቅ የማመሰግነው ስማቸው በሙታን መዝገብ ብቻ የቀረውን ገበሬዎችና እርሳስ ቆፋሪዎች ነው። በሼፊልድ ያዳኑትን ሰው ፊቱን አላዩትም፤ ያ ሰውም መዳኑን አላወቀም፤ ስለዚህ መጥቶ ሊያመሰግናቸው አይችልም ነበር። በዘመናችን ካሉት ሊቃውንት አንዳንዶቹ፥ ቢሸሹ ኖሮ ከእነርሱ ብዙዎቹ በዳኑ ነበር ይላሉ። ይሆናል። ይህ ግን የከፈሉትን ዋጋ ያበዛዋል እንጂ ሥራቸውን አያሳንሰውም።

ሞምፐሰን ከጥቂት ዓመት በኋላ ኢክሪንግ በምትባል በሌላ መንደር ተሾመ። የዚያ አገር ሰዎች ግን በሽታውን ይዞብን ይመጣል ብለው ፈርተው ስላላስጠጉት፥ ፍርሃታቸው እስኪበርድ ድረስ ከመንደሩ ርቆ በአንዲት ጎጆ ብቻውን ተቀምጦ ነበር ይባላል።