ስለ ሁለት ዓይነት አዳኝ

በአማርኛ ጽሕፈት «አዳኝ» የሚለው ቃል ሁለት ሰዎችን ያመለክታል። አንደኛው አውሬን ተከትሎ የሚገድል ነው፤ ሁለተኛው ከሞት የሚያስጥል ነው። የሁለቱ ሥራ እጅግ የተራራቀ ይመስላል። ነገር ግን ፊተኛው ወደ ኋለኛው ሊለወጥ እንደሚችል የጆርጅ ሺራስ ታሪክ ያስረዳል።

ይህ ሰው በ1859 ዓመት፣ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በአሜሪካ በፔንስልቬንያ ግዛት ተወለደ። ሕግ ተምሮ ጠበቃ ሆነ፤ ልቡ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ በአደን ነበረ። ሱፔሪየር ከሚባለው ታላቅ ሐይቅ በስተደቡብ ወዳለው የሚሺጋን ዱር እየሄደ፣ ኦጂብዌ የሚባሉት የአገሩ ተወላጆች በሌሊት አጋዘን የሚያድኑበትን ዘዴ ተማረ። ዘዴውም በታንኳ ፊት እሳት አንድዶ ድምፅ ሳያሰሙ ወደ ዳር መቅረብ ነው። አጋዘኑ በብርሃኑ ተደንቆ ሲቆም ዓይኑ እንደ ፍም ያበራል፤ አዳኙም ያን ጊዜ ይተኩሳል።

ሺራስ በ1889 የዱር አራዊትን በቀን ፎቶግራፍ ማንሣት ጀመረ። ከጥቂት ዘመንም በኋላ በዚያችው የሌሊት ታንኳ ላይ በጠመንጃው ስፍራ የፎቶግራፍ መኪና አኖረ። ማግኔዚዩም የሚባለው ዱቄት እንደ መብረቅ ቦግ ሲል የአጋዘኑ መልክ በመስታወት ሰሌዳ ላይ ይቀረጻል፤ አጋዘኑም ደንግጦ ወደ ዱሩ ይሮጣል፤ ነገር ግን በሕይወቱ ይሮጣል። ደግሞም አራዊት በሚመላለሱበት መንገድ ላይ ክር ዘርግቶ፣ አውሬው ክሩን ሲነካ የራሱን ፎቶግራፍ ራሱ እንዲያነሣ አደረገ። በ1906 በሐምሌ ወር ናሽናል ጂኦግራፊክ የሚባለው መጽሔት 74 ፎቶግራፎቹን አተመ፤ ዱር አይተው የማያውቁ ብዙ ሰዎችም የሌሊቱን ዓለም በቤታቸው ተቀምጠው ተመለከቱ።

ምናልባት ሰው፦ ሥጋ የማይገኝበት አደን ምን ይረባል? ይል ይሆናል። ለረኃቡ ያደነውን ሰው መንቀፍ አይገባም። ለፉከራ ብቻ የገደለ ግን ትርፉ ጥቂት ነው፤ ደስታው ከጥይቱ ጩኸት ጋራ ያልፋል፤ በግድግዳ ላይ የሰቀለው ቀንድም አቧራ ይለብሳል። ፎቶግራፍ የሚያነሣው ሰው ነፋሱ ከወዴት እንደሚመጣ፣ አውሬው በምን ሰዓት ወደ ውኃ እንደሚወርድ ሊያውቅ ይገባዋል፤ ይልቁንም መታገሥን ሊማር ይገባዋል። ያገኘውንም ለብዙ ሰው ያካፍላል፤ አውሬውም ወደ ግልገሎቹ ይመለሳል።

ሆኖም ሥዕል ብቻውን ከሞት አያስጥልም። በአሜሪካ ሰማዩን እስኪያጨልሙ ድረስ በመንጋ ይበሩ የነበሩት መንገደኛ ርግቦች በሰው አደንና በደኑ መመንጠር አለቁ። የመጨረሻይቱ ርግብ በ1914 በሲንሲናቲ ከተማ በአራዊት መጠበቂያ ስፍራ ሞተች። በሕይወቷ ሳለች የተነሣ ፎቶግራፍ ዛሬም አለ፤ ርግቢቱ ግን የለችም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ሰው ዋጋዋን ያወቀው ዘሯ ካለቀ በኋላ ነው።

ሺራስ ግን ማየትን ከመጠበቅ ጋራ አስተባበረ። በ1904 የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ ሳለ፣ ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚሻገሩ ወፎች በመላው አገር አንድ ሕግ እንዲጠበቁ ረቂቅ አቀረበ። ረቂቁ በዚያ ጊዜ አልጸደቀም። በ1913 ግን ይህን የመሰለ ሕግ ወጣ፤ በ1918ም ስለ ካናዳ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ የተደረገውን ውል የሚያጸና ጽኑ ሕግ ተተካ። አውሬ የነካው ክር ያነሣው የነበረውን ፎቶግራፍ ዛሬ ሌላ መሣሪያ ያነሣዋል፤ የአራዊት ጠባቂዎችም በዱር ውስጥ ያለውን ነብርና ሌላውንም አውሬ በዚህ ዓይነት ይቈጥራሉ።

አሁን ፎቶግራፍ ማንሻ በብዙ ሰው ኪስ ይገኛል። መሣሪያው ግን ልብን አይለውጥም። መልካም ሥዕል ለማግኘት ሲል የወፍን ጎጆ ገልጦ ጫጩቶቹን ለፀሐይና ለብርድ የሚያጋልጥ፣ ወይም አውሬውን እስኪደክም የሚያሳድድ ሰው ጠመንጃ አልያዘም፤ ሥራው ግን የገዳይ ሥራ ነው። ስለዚህ ወደ ዱር የሚሄድ ሰው ራሱን ሊመረምር ይገባዋል። ያየውን ፍጥረት ከእርሱ በኋላ የሚመጣ ሰው ደግሞ በሕይወቱ እንዲያየው ከተወለት፣ አዳኝ የሚለው ስም በመልካሙ ፍች ይገባዋል።